ናይሮቢና አዲስ አበባ፦ ልዩነቱን የፈጠረው ማን ነው?

ሞያሌን ተሻግሮ ናይሮቢ መሃል ከተማ የደረሰ ኢትዮጵያዊ፣ ነጋዴም ይሁን ስደተኛ፣ ለስብሰባ የመጣም ይሁን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያልፍ፣ አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አይቀርም፦ እነዚህ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ይኖራሉ ወይ? በኬንያታ ጎዳና ግራና ቀኝ የተሰደሩትን ባንኮች፣ ጠዋት ጠዋት ማታቱ ከሚባለው ሚኒባስ እየወረደ የሚርመሰመሰውን የቢሮ ሠራተኛ፣ በየጥጉ ያለውን የኤም-ፔሳ የሞባይል ገንዘብ ኪዮስክ ያየ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል። «እንግሊዝ ገዝቶን ቢሆን ኖሮ እኛም እንዲህ እንሆን ነበር» የሚል ወሬ የሚሰማውም ከዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ከመሃል ከተማው ብዙም ሳይርቅ ኪቤራን አይቶ «የእኛ ድህነት ይሻላል» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ያዩትን አይተዋል፤ ሁለቱም ግን ያዩት እንዴት እንደመጣ አልጠየቁም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሁለቱን አገሮች ኑሮ ያራራቀው ዕድል ወይም የባዕድ ስጦታ አለመሆኑ ነው። ልዩነቱ በየዘመኑ የሰፋውና የጠበበው መንግሥታት ስለ መሬት፣ ስለ እህል፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጤና በወሰኑት ውሳኔ ነው። ይህን ለማየት ታሪኩን ከመነሻው በቅደም ተከተል መከተል ያስፈልጋል። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁለቱ ከተሞች የዕድሜ እኩዮች ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ፍላጎት ፍል ውሃ አጠገብ ስትቆረቆር ናይሮቢ ገና የማሳይ ከብት ውሃ የሚጠጣበት ረግረግ ሜዳ ነበረች። ከሞምባሳ የተነሳው የእንግሊዞች ሐዲድ በ1899 እዚያ ደረሰ። ወደ ስምጥ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት የዕቃ ማከማቻና የጥገና ጣቢያ ስላስፈለገው በሜዳው ላይ የሠራተኞች ሠፈር ተተከለ፤ ከተማዋም ከዚያ አደገች። ያኔ አንዷ በሌላዋ የምትቀናበት ምክንያት አልነበረም። በ1902 ናይሮቢ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሳ የጤና ሹሙ የሕንዶቹን ገበያ በእሳት አስጋየው። አዲስ አበባም ማገዶ አልቆባት መናገሻነቷ ሊቀር ደርሶ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ናይሮቢ በ1904 ኖርፎክ ሆቴልን ስትከፍት አዲስ አበባም ከጥቂት ዓመት በኋላ የእቴጌን ሆቴል ከፈተች፤ በ1908 ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ናይሮቢ የቀደመችው በባቡር ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነውና። ሐዲድ ደግሞ ቡናና ሸቀጥ ብቻ አያመጣም፤ ባንክ፣ ጋራዥ፣ የጽሕፈት ሠራተኛና የንግድ ሕግ ይከተሉታል። የናይሮቢ የንግድ ጉልበት መነሻ ይኸው መሆኑን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን ያ ጉልበት ለማን ተሠራ? ከተማዋ ስትሸነሸን የምዕራቡ ከፍታ ለነጮች፣ የመሃሉ ገበያ ለሕንዶች፣ የምሥራቁ ረባዳ ለአፍሪካውያን ሆነ። ጥቁሩ ሰው ወደ ከተማው የሚገባው ሊሠራ እንጂ ሊኖር አልነበረም። በ1915 የወጣውና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ላይ የዋለው የኪፓንዴ ሕግ ይህን በግልጽ ያሳያል። ለሥራ የደረሰ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ስሙ፣ ነገዱ፣ የጣት አሻራው፣ የቀጣሪው ማንነትና የደመወዙ ልክ የተጻፈበት ወረቀት እንዲይዝ ተገደደ። ወረቀቱ በትንሽ የብረት ማኅደር ተከቶ በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ቀጣሪው ፈርሞ ካላሰናበተው ሠራተኛው ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም፤ ጥሎ ቢሄድ ወንጀለኛ ነው። ደመወዙም በወረቀቱ ላይ ስለሚታይ የሚቀጥለው ቀጣሪ ከዚያ አስበልጦ የሚከፍልበት ምክንያት አልነበረውም። በመጋቢት 1922 ይህንና የጎጆ ግብሩን የተቃወመው ሃሪ ቱኩ ሲታሰር፣ ሕዝቡ ኖርፎክ ሆቴል አጠገብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ጎረፈ። ፖሊስ ተኮሰ፤ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 21 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ገበሬ በጭሰኝነትና በገባር ሥርዓት ይማቅቅ ነበር፤ ኑሮው የሚያስመካ አልነበረም። ነገር ግን የናይሮቢ ሠራተኛ ከእሱ የተሻለ ኖሯል ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ የለም።

ጦርነት ሁለቱን አገሮች ይበልጥ አገናኛቸው። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ኢሲዮሎና ታቬታ በተባሉ የኬንያ ካምፖች ተጠለሉ፤ ዛሬ በናይሮቢ የምናየው የኢትዮጵያውያን ስደት ከዚያ የሚጀምር ረጅም ታሪክ አለው። በ1941 ደግሞ የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ በኩል ሐረርን አልፎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የተማረኩት ኢጣልያውያን ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተወሰዱ። ከናይሮቢ ወደ ስምጥ ሸለቆ በማይ ማሂዩ በኩል የሚወርደውን ገደላማ መንገድ የሠሩት እነሱ ናቸው፤ በመንገዱ ዳር የተከሏት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ድረስ አለች። ኢትዮጵያን ሊገዛ የመጣ ጉልበት የኬንያን መንገድ ጠረገ ማለት ነው። የቅኝ ግዛቱ ልማት የደግነት ፍሬ ይመስለው የነበረ አንባቢ ካለ፣ መንገዱ በምርኮኛ፣ እርሻው ከባለቤቱ በተነጠቀ መሬት፣ ከተማው በኪፓንዴ ሠራተኛ መሠራቱን ያስብ።

«እንግሊዝ ገዝቶን ቢሆን» የሚለውን ክርክር በቀጥታ የምንፈትነው ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ነው። በ1948 ለናይሮቢ ትልቅ ማስተር ፕላን ተዘጋጀላት፤ በ1950 በንጉሣዊ ቻርተር የከተማነት ማዕረግ አገኘች። በዚያው በ1950 ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ ማስተማር ሲጀምር ኬንያ ውስጥ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። በ1952 የማው ማው አመፅ ተነስቶ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በሚያዝያ 1954 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ናይሮቢን ከቦ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪኩዩዎችን እያፈሰ ወደ ማጎሪያ ጫነ። በ1958 አጼ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሰጡ አዲስ አበባ መጥተው ከተማሩት መካከል ኬንያውያን ነበሩ። በ1959 የሠራተኛ ማኅበር መሪው ቶም ምቦያ ወጣቶችን በአውሮፕላን አሳፍሮ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች መላክ የጀመረውም የቅኝ መንግሥቱ በአገራቸው የነፈጋቸውን ትምህርት ፍለጋ ነው። እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፦ ቅኝ ገዢዎቹ ሲወጡ የተደራጀ ፍርድ ቤት፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ የሻይና የቡና እርሻ ትተዋል፤ ይህ እንደ ምንም አይቆጠርም። እውነት ነው፤ ዋጋ አለው። ነገር ግን ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ የተተወላቸው ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከነፃነት በኋላ በጥቂት ዓመታት ሲፈርሱ አይተናል። የተተወው ዕቃ ለሕዝብ ኑሮ የሚጠቅመው ወይም የማይጠቅመው ከተረከበው ሰው ውሳኔ በኋላ ነው።

ኬንያ ታኅሣሥ 1963 ነፃ ስትወጣ የጎዳና ስሞች ተለወጡ። ደላሜር ጎዳና ኬንያታ ጎዳና ሲባል፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ መሃል ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ተባለ። ናይሮቢ ያኔ አዲስ አበባን እንደ ታላቅ እህት ታያት ነበር፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው ዓመት ግንቦት አዲስ አበባ ውስጥ ተመሥርቷልና። የኬንያ መንግሥት በ1965 ባወጣው የኢኮኖሚ ሰነድ ስሙን አፍሪካዊ ሶሻሊዝም ቢለውም፣ የመረጠው የግል ንብረትን፣ የውጭ መዋዕለ ንዋይንና ለገበያ የሚያመርት ገበሬን ነው። የአነስተኛ ገበሬ የቡናና የሻይ እርሻ ተስፋፋ። የሁሉንም ቤት የነካው ግን ሐራምቤ ነበር፦ መንደርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ ከዚያ መንግሥትን መምህር ላክልን ብሎ ይወተውታል። በ1970ዎቹ በሐራምቤ የተሠሩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቁጥር በለጡ። ዛሬ አንድ ኬንያዊ ጎልማሳ ከኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ በብዙ ዓመት የበለጠ የመማሩ ምሥጢር ከዚህ ይጀምራል፤ ከእንግሊዝ ዘመን በኋላ የመጣ ነው።

የሁለቱ መንገድ መለያየት በ1973 ቁልጭ ብሎ ታየ። በዚያ ዓመት ናይሮቢ መሃል 28 ፎቅ ያለው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ተጠናቀቀ፤ ክቡ ግንብና እንደ አበባ እምቡጥ የተሠራው አዳራሹ እስከ ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ናቸው። በዚያው ዓመት ወሎ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ ሲረግፉ የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። አዲስ አበባም የአፍሪካ አዳራሽን የመሰለ ውብ ሕንፃ ነበራት፤ እንኳን ሕንፃ የአህጉሩ ድርጅት መቀመጫ ነበረች። የወሎ ገበሬ ግን የጭሰኛ እርሻውን ምርት ለባለርስት አካፍሎ በተረፈችው የሚኖር ስለነበር፣ ዝናብ ሲቀር የሚይዘው ነገር አልነበረውም፤ መራቡን የሚናገርለት ምክር ቤትም ጋዜጣም አላገኘም። ሥርዓቱን የጣለው ይህ ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አገሮች በመሬት ጉዳይ ተቃራኒ መንገድ ያዙ፤ የሁለቱም መንገድ የራሱ ዕዳ ነበረው። በመጋቢት 1975 መጀመሪያ፣ ለሀብታሞች ብቻ የሆነችውን ኬንያ አጥብቆ ይቃወም የነበረው የፓርላማ አባል ጄ. ኤም. ካሪዩኪ መሃል ናይሮቢ ከሚገኘው ሂልተን ሆቴል ሲወጣ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ፤ ተገድሎ አስከሬኑ ከከተማው ውጭ ኮረብታ ላይ ተገኘ። ከሂልተን በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ጭሰኛው ከባለርስቱ ነፃ ወጣ፤ የከተማው ድሃ በጥቂት ብር የቀበሌ ቤት ተከራየ። ኬንያ ውስጥ መሬቱን የያዙት ከገዢዎቹ የገዙት ባለ ገንዘቦችና ባለሥልጣኖች ሆኑ፤ ያልደረሰው ሰው ወደ ናይሮቢ ጎረፈና የማታሬና የኪቤራ ቆርቆሮ ቤቶች በዙ። በዚህ ነጥብ ላይ ፍትሑ በአዲስ አበባ በኩል ነበር። ነገር ግን ደርግ መሬቱን ከባለርስት ወስዶ ገበሬውን በእህል ኮታና በግዳጅ ሠፈራ ሲያስጨንቀው፣ የቀበሌ ቤትም ያለ ጥገና እያረጀ ሲፈርስ፣ ድህነትን ማካፈል ኑሮን ማሻሻል እንዳልሆነ ታየ። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓለም የተመሰገነ ትልቅ ሥራ ነው፤ የደርግ የጦርነት በጀት ግን ያንንም ዋጠው።

የክርክሩ ዋና ማስረጃ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ነው። ድርቁ ኢትዮጵያን ብቻ አልመታም፤ በ1984 የኬንያም ዝናብ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ያልታየ በሚባል ሁኔታ ቀርቷል። ሰማዩ አንድ ነበር ማለት ይቻላል። የኬንያ መንግሥት የምዕራባውያንን እርዳታ ሳይጠብቅ ቀድሞ በራሱ ገንዘብ በቆሎ ከውጭ ገዛ፤ በሞምባሳ ወደብና በባቡሩ አጓጓዘ፤ በአካባቢ አስተዳዳሪዎች በኩል አደለ፤ ብዙ ሰው ተቸገረ እንጂ ጅምላ እልቂት አልደረሰም። ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ሲያከብር ግን ኮረምና መቀሌ ሰው ያልቅ ነበር። የኮረሙን እልቂት በጥቅምት ወር ለዓለም ያሳየውን ፊልም ያነሳው የናይሮቢ ልጅ ነው፤ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አለቁ። አንድ አንባቢ «ኬንያም በ1982 በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆናለች፤ ፕሬዚዳንት ሞይ አምባገነን ነበር፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?» ሊል ይችላል። ሞይ በእርግጥ አምባገነን ነበር። ነገር ግን የኬንያ የፓርላማ አባል የመረጠው ወረዳ ሲራብ መቀመጫው ይነቃነቅ ነበር፤ መንገዱ በጦርነት አልተዘጋም። በኢትዮጵያ እህሉ በኮታ፣ መንገዱ በጦርነት፣ አንደበቱ በፍርሃት ተይዞ ነበር። በቁጥር የማይለካ የሚመስለው ነፃነት፣ ትንሹም ቢሆን፣ በዚያ ዓመት በሰው ነፍስ ተለካ።

ኬንያ ይህን ብልጫ ይዛ አልቀጠለችም። በ1980ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የትምህርትና የሕክምና ወጪን በሕዝቡ ላይ ጫነ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጎልደንበርግ የተባለው የወርቅ ኤክስፖርት ማጭበርበር የአገሪቱን ካዝና አራቆተ፤ ኤድስ ደግሞ ወጣቱን ጨረሰ። በ1999 ኤድስ ብሔራዊ አደጋ ተብሎ ሲታወጅ፣ ወደ 60 ዓመት ተጠግቶ የነበረው የኬንያውያን አማካይ ዕድሜ ከ55 በታች ወርዶ ነበር። የመሃል ከተማውም ኑሮ ለሽያጭ ቀረበ፦ በ1989 መንግሥት ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊያቆም ሲነሳ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ስድቡንና ዛቻውን ችላ ተከራከረች፤ ሕንፃው ቀረ፤ ዛሬ የናይሮቢ ድሃ ያለ ክፍያ ሣር ላይ የሚያርፍበት ቦታ እሷ ያተረፈችው ነው። በሐምሌ 1990 ሕዝቡ ለመድብለ ፓርቲ ተነሣ፤ በ1991 መጨረሻ የአንድ ፓርቲ ሕጉ ተሻረ። በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣን ጥሎ ሲኮበልል ያለፈው በናይሮቢ በኩል ነው፤ ከኋላው በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተከተሉ። ብዙዎቹ ኢስሊ በተባለው የናይሮቢ ሠፈር እንጀራ ጋግረው፣ ሸቀጥ ነግደው፣ ወረቀታቸው እስኪመጣ እየጠበቁ ከእጅ ወደ አፍ ኖሩ።

ከ2003 በኋላ ያለው ዘመን ለሁለቱም አገሮች የሚያኮራ ምዕራፍ ነው፤ አገባባቸው ግን የተለያየ ነበር። ፕሬዚዳንት ኪባኪ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ሲያደርግ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ትምህርት ቤቶችን አጥለቀለቁ። በ2007 ኤም-ፔሳ ተጀመረ፤ ቶም ምቦያ ጎዳና ላይ የቆመ የሌሊት ዘበኛ ደመወዙን ተቀብሎ ከአንዲት አረንጓዴ ኪዮስክ ፊት በስልኩ ለእናቱ ይልካል፤ የባንክ ደጅ ረግጣ የማታውቅ እናት በመንደሯ ሱቅ ገንዘቡን ትቆጥራለች። ኢትዮጵያ በዚያው በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጀመረች፦ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ክትባት ይሰጣሉ፣ ነፍሰ ጡር ይከታተላሉ፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራሉ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 በለጠ። ውጤቱን ዓለም አይቶታል። በ1990 በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ200 በላዩ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር፤ በኬንያ 100 ግድም ነበሩ። በ2012 ኢትዮጵያ ወደ 70 አወረደችው፤ በኬንያም ወደዚያው ግድም ነበር። በገቢ ግማሽ የምትሆን አገር በሕፃናት ሕይወት ጎረቤቷን ደረሰችባት። ይህን ያደረገው ሀብት አልነበረም።

አሁን ሁለቱን በአንድ ሚዛን እናስቀምጥ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለ2022 ባወጣው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ኬንያ 0.601፣ ኢትዮጵያ 0.492 አግኝተዋል። የኬንያዊው የነፍስ ወከፍ ገቢ በመግዛት አቅም ሲሰላ የኢትዮጵያዊው እጥፍ ያህል ነው። ጎልማሳ ኬንያዊ በአማካይ 7.7 ዓመት ተምሯል፤ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ 2.4 ዓመት። በአማካይ ዕድሜ ግን ኢትዮጵያ 65.6፣ ኬንያ 62.1 ናቸው፤ የሀብት ልዩነቱም በኬንያ የሰፋ ነው። ቁጥር የሚጠራጠር ሰው ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። በ2015/16 ኢትዮጵያ ከሕዝቧ 23.5 በመቶው ድሃ ነው ስትል ኬንያ 36.1 በመቶ አለች፤ ከዚህ ተነስቶ ኬንያዊው ይበልጥ ድሃ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ሁለቱ አገሮች የድህነትን መስመር ያሰመሩት በየራሳቸው ልክ ነውና። የዕድሜ ቁጥሩም ግምት ነው። ሆኖም ትምህርት፣ ገቢና ዕድሜ ከተለያየ ምንጭ ተለክተው ከታሪኩ ጋር አንድ ነገር ሲናገሩ ችላ ማለት አይገባም፦ ኬንያ ለአርባ ዓመት ያስተማረችው ዛሬ በገቢ ይታያል፤ ኢትዮጵያ ለሃያ ዓመት በየቀበሌው የላከቻቸው ሴቶች በዕድሜ ይታያሉ።

«ናይሮቢን በፎቆቿ መመዘን ስህተት ነው» የሚለውም ወገን ይደመጥ። ከናይሮቢ ነዋሪ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ተከራይ ነው። ጠዋት ከሙኩሩና ከማታሬ ተነስቶ ወደ መሃል ከተማ የሚገባው ሠራተኛ ብዙው የማታቱ ሒሳብ ስለሚከብደው በእግሩ ይመጣል፤ በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የክፍያ ፈጣን መንገድ ከራሱ በላይ ያልፋል እንጂ እሱን አያሳልፈውም። አዲስ አበባ በ2015 የከተማ ባቡር ስትዘረጋ፣ ቀደም ሲልም የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በዕጣ ስታድል፣ ቢያንስ ሐሳቡ ዝቅተኛውን ነዋሪ ያሰበ ነበር፤ በአፈጻጸሙ ብዙ የሚነቀፍ ቢኖርም። በሌላ በኩል የናይሮቢ ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አለው፤ በ2024 መጨረሻ ሙያ ለሌለው ሠራተኛ በወር ከ16,000 ሽልንግ በላይ ነበር። ሁሉም ቀጣሪ አያከብረውም፤ ግን ተበደልኩ ብሎ የሚጠቅሰው ቁጥር አለ። በኢትዮጵያ የግል ዘርፍ እንዲህ ያለ ወለል እስካሁን የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወሳኝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢፈቅድም።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሁለቱንም ክፉኛ ፈትነዋል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ለሃያ ዓመት የተገነባውን የጤና ሥርዓት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር አፈራረሰው፤ ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ማስፈጸሚያ በኅዳር 2022 የተፈረመው ናይሮቢ ላይ ነው። የኬንያ ወጣቶች በሰኔ 2024 የግብር ረቂቁን ተቃውመው መሃል ከተማውን ሞሉት፤ ፓርላማው ውስጥም ገቡ። ጥይት ተተኮሰባቸው፤ የአገሪቱ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እስከ ሐምሌ መጀመሪያ 39 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ፕሬዚዳንት ሩቶ ግን ወጣቶቹ ፓርላማ በገቡ ማግስት ረቂቁን አልፈርምም አሉ። በወሩ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ብርን በገበያ እንዲወሰን ለቀቀችው፤ የብር ዋጋ በወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ደመወዝተኛው በኪሱ ያለው ሲቀልጥ እያየ የሚያሰማበት አደባባይ አልነበረውም። ሁለቱም ውሳኔዎች ኢኮኖሚያዊ ምክንያት ነበራቸው። ልዩነቱ አንዱ ሕዝብ በከባድ ዋጋም ቢሆን መንግሥቱን ማስመለሱ ነው፤ ያ ደግሞ የኑሮ ደረጃ አንዱ ክፍል ነው፤ የነገን ዳቦ ዋጋ የሚወስነው እሱ ነውና።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ዛሬ አማካይ ኬንያዊ ከአማካይ ኢትዮጵያዊ የተሻለ ያገኛል፣ የተሻለ ተምሯል፣ የተሻለ ይናገራል። ኢትዮጵያ ሰላም ባላት ጊዜ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ነፍስ ማትረፍ እንደምትችል አስመስክራለች። ብልጫው የተገኘው በውሳኔ ስለሆነ በውሳኔ ይጠባል፤ በውሳኔም ይሰፋል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የኃይል መስመር ከኅዳር 2022 ጀምሮ 200 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ለኬንያ እየሸጠ ነው። የኢትዮጵያ ወንዞች የናይሮቢን ቢሮዎች ሲያበሩ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ አሁንም መብራት የለውም። ሽያጩ መጥፎ አይደለም፤ የሚያስጠይቀው ዶላሩ ወደ ምን እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አገሮች የሚያነጻጽር ወገናችን ፎቅ መቁጠሩን ትቶ አራት ነገር ይጠይቅ፦ የድሃው ልጅ ስንት ዓመት ተማረ? እናቱን ማን አዋለዳት? ዝናብ ሲቀር እህሉ በስንት ቀን ደረሰ? ሹሙን ሳይፈራ መጠየቅ ይችላል? ለእነዚህ የሚመልስ መንግሥት ያለው ሕዝብ በናይሮቢም በአዲስ አበባም ኑሮው ይሻሻላል፤ የማይመልስ መንግሥት ያለውን ሕዝብ ግን ምንም ዓይነት ሕንፃ አያስጠልለውም።